የዓይን ቆጠራ

ያስተማረችኝ መርየማ ናት፣ የታላቅ ወንድሜ ልጅ፣
ከባጃጄ ኋላ ወንበር፣ እስክርቢቶ ይዛ በእጅ።
«ጋሼ ሙሄ፣ ቀና በል እስቲ! መንገዱን ብቻ አትይ፤
ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ስንት አለ የሚያይ?»

አስራ ሁለት ዓመት ስነዳ ጉድጓዱን በስም ለይቼ፣
ትራፊኩን በፉጨቱ፣ ደላላውን በሳሉ ሰምቼ፣
ከቆቤ በላይ ያለውን አንድም ቀን ሳላይ ቀርቼ!

«ባንኩ በር ላይ ያውልህ፣ የተደፋ ጣሳ መሳይ፣
ጥቁር መስታወት ነው ሆዱ፣ ወዴት እንደሚያይ አይታይ።
ግንቡ ላይ ያለው ረጅሙ፣ አሞራ የሚያርፍበት፣
ሰው ባለፈ ቁጥር ይዞራል፤ አንገት አለው፣ አጥንት የሌለበት።

ይሄ ግን ሌላ ነው ጋሼ፤ ከመብራቱ ዝቅ ያለው፣
አጎንብሶ የመኪና ደረት ደረቱን የሚያየው፣
ማታ ማታ ፍም የመሰለች ቀይ ነጥብ የሚያበራው፤
እሱ ስምህን አይጠይቅም፤ ታርጋህን ነው የሚያነበው።»

ኮድ አንድ። አማ። ቀይ ቁጥር።
ከኋላዬ ተለጥፎ ለካ ስሜ እሱ ነበር።

እናቴ «ለግድግዳም ጆሮ አለው» ስትል ሰማሁ፤
ግድግዳው ዓይን ማብቀሉን ግን ከመርየማ አወቅሁ።
«ለምን ትቆጥሪያለሽ?» ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች፤
«እነሱስ እኔን ይቆጥሩ የለ? ብድር ነው» ብላ መለሰች።

ሰኞ ገበያ ሦስት። አራዳ አምስት። ቧንቧ ውሃ አንድ፤
እሱም ሽቦው ተበጥሶ አንገቱን ደፍቷል ወደ መንገድ።
ሮቢት ጋ፣ ከሱቅ በር በላይ፣ አንዱ አፍጦ ተሰቅሏል፤
ባለሱቁን ዙቤርን ብጠይቀው፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል፦
«ወላሂ ባዶ ቀፎ ነው! በሦስት መቶ ብር ገዛሁት፤
ሌባ እንዲፈራኝ ብዬ ነው እዚያ ላይ የሰቀልኩት።»
መርየማ ደብተሯ ላይ «ባዶ» ብላ አልጻፈችም፤
«ያየህ መስሎህ ካጎነበስክ፣ ጋሼ፣ ከእውነተኛው አይለይም።»

ድሮ፣ ሐረጎ ቁልቁለት፣ ኬላው ላይ የምትቆመው
ሳጅን አየሁሽ ነበረች፣ ስሟ ሥራዋን የመሰለው።
እሷም ታርጋ ታነብ ነበር፤ ከታርጋው አልፋ ደግሞ
ፊት ታነብ ነበር፦ ማን ታሟል? ማን ነው የሚነዳ ደክሞ?
አንድ ሌሊት ከመስመሬ ወጥቼ፣ ባለምጥ ሴት ጭኜ፣
ዳገቱን ስወጣ ያዘችኝ፤ ቆምኩ፣ በላብ ታጥኜ።
ባትሪዋን ታርጋዬ ላይ አበራች፤ ከዚያ በሴትዮዋ ሆድ፤
«አላየሁህም» አለች አየሁሽ፤ ፈታችልኝ የኬላውን ገመድ።

ዛሬ ገመዱ የለም። ብረቱ ነው የቆመው፤
ሁሉን አይቶ የሚጽፍ፣ «አላየሁም» የማይለው።

መቼስ እውነቱን ልናገር፦ የእብሬ ባጃጅ ስትሰረቅ፣
ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ድልድይ ላይ፣ ያው ዓይን ነው ያገኛት፤ አልክድም ሐቅ።
እብሬ ምርቃት ሲያወርድለት እኔም «አሜን» ብያለሁ፤
ማታ ግን ያችን ቀይ ነጥብ ሳይ፣ ምንም ሳልሰርቅ እደነግጣለሁ።

ደሴ ነውና፣ ቁጥሩ ሳያልቅ ጉም ከጦሳ ወረደ፤
ባንኩን፣ ግንቡን፣ የዙቤርን ቀፎ፣ አንድ በአንድ ወሰደ።
መብራቴ ሁለት ክንድ አያልፍም፤ በጥሩንባ ብቻ ነዳሁ፤
«ዛሬስ ሁሉም ታወሩ!» ስትል መርየማን ከኋላ ሰማሁ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ከመንገድ ዳር፣ ከነጩ ውስጥ መጣ፦
«ሙሄ! ሆጤ ድረስ አድርሰኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለ ዳገት ሊወጣ።»
ጡረታ ከወጣች ሰባት ዓመቷ፤ ጎመን በፌስታል ይዛለች፤
«ምንም ሳይታይሽ እንዴት?» አልኳት። «ሞተርህ ያስላል፣ ልጄ» አለች።

መርየማ ደብተሯን ገለጠች፤ «አየሁሽ» ብላ መዘገበች፤
«ዓይነት» ከሚለው ረድፍ ሥር ግን፣ ብዙ አሰበችና፣ ባዶውን ተወች።